ከሂሮስ ጌሞች የትኛው ይሻላል ለምትሉ ወጣቶች

ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ በቅርቡ፣ «ጋሼ፣ ከሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ ጌሞች ምርጡ የትኛው ነው? አንዱን ብቻ ነው መጫወት የምፈልገው» ሲል ጠየቀኝ። «ሦስተኛው ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ለዓመታት ተከራክረን ሳንቋጨው ስለቀረን፣ መልሱ በአጭሩ አልወጣልኝም።

ጌሙ ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ ጀግኖች ሠራዊት እየመሩ ከተማ የሚይዙበት የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ከዚህ በላይ ስለ አጨዋወቱ መሠረታዊ ነገር አልነግራችሁም፤ እሱን በአንድ ምሽት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ማወቅ የሚገባችሁ እያንዳንዱ ጌም ከቀዳሚው ምን ወርሶ ምን እንደለወጠ ነው። ኒው ዎርልድ ኮምፒውቲንግ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 (የጌሞቹን ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው የምጠቅሰው) ሲያወጣ የነበሩት ከተሞች አራት ብቻ ነበሩ። በ1996 የወጣው ሁለተኛው ስድስት አደረሳቸው፤ ለጀግኖቹ ልዩ ልዩ ሙያ ሰጠ፤ አንዳንድ ወታደሮችንም ወደ ላቀ ደረጃ ማሳደግ እንዲቻል አደረገ። በ1999 የመጣው ሦስተኛው ደግሞ ስምንት ከተሞችን፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ማደግ የሚችሉ ሰባት ዓይነት ወታደሮችን፣ ከምድር በታችም ሌላ ካርታ ይዞ መጣ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ አንድ ነው፤ ሁሉም በነበረው ላይ ይጨምራል። ክርክሩ የሚጀምረው ከአራተኛው ነው።

እኔና አብሮ አደጌ ሦስተኛውን የተጫወትነው ፒያሳ አካባቢ በነበረች ጠባብ የጥገና ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በአንድ ኮምፒውተር ነው። አንዱ ተራውን ሲጨርስ ጌሙ ካርታውን ይሸፍንና የሌላውን ስም ይጠራል፤ ተራው ያልሆነው ደግሞ የባላጋራውን ምስጢር እንዳያይ ፊቱን ያዞራል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ በጦሳ ተራራ ላይ የወረደውን ጉም ባይም ጆሮዬ ከማውሱ ጋር ነበር፤ ጠቅታው ሲበረክት ወታደር እየገዛ እንደሆነ፣ ዝም ሲል ደግሞ በእኔ ላይ አንድ ነገር እያሰበ እንደሆነ አውቅ ነበር።

እኔ የሙታኑን ከተማ ኔክሮፖሊስን ይዤ ከየውጊያው በኋላ ከወደቁት መካከል አጽም እያስነሳሁ ሠራዊቴን አበዛለሁ። እሱ ግን ገበጣ ሲጫወት ያደገ ሰው ስለነበር ኃይሉ ቆጠራ ላይ ነበር። በሦስተኛው ጌም አዳዲስ ወታደሮች የሚገኙት በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ነው። ሰባቱን ቀናት በጣቱ ጠረጴዛውን እየነካ ቆጥሮ ከተማዬን ልክ በሰባተኛው ቀን ይይዛታል፤ በማግስቱ የሚመጡት ወታደሮች የእሱ ይሆናሉ። ሌላም ብልሃት ነበረው። የአንዱ ጀግና የዕለት እርምጃ ሲያልቅ ሠራዊቱን አጠገቡ ለቆመው ጀግና ያስረክባል፣ ያኛውም ለሚቀጥለው፤ በዚህ ዓይነት ሩቅ ነው ብዬ የተውኩት ጦር በአንድ ቀን ደጄ ላይ ይቆማል። ይህን ብልሃት ዛሬ በየቪዲዮው ሲያስተምሩት አያለሁ፤ እሱ ግን ማንም ሳይነግረው ነው የደረሰበት።

አንድ ትልቅ ካርታ ጀምረን መሀል ላይ ሳለን ወደ ጅዳ ሄደ። የወሎ ልጅ ስለ ዓረብ አገር ጉዞ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «አብሽር፣ ስመለስ እንጨርሰዋለን» አለኝ፤ ጨዋታውን በሁለታችን ስም ሴቭ አደረግነው።

እዚያ ሄዶ በ2002 የወጣውን አራተኛውን አገኘ። በስልክ ሲያወራልኝ የገረመኝ ነገር፣ አራተኛው የእሱን ሁለት ብልሃቶች ከንቱ ያደረገ ጌም መሆኑ ነው። ወታደሮቹ የሚጨመሩት በየሳምንቱ ሳይሆን በየቀኑ ስለሆነ ሰባተኛውን ቀን መጠበቅ ትርጉም አጣ፤ እያንዳንዱ የወታደር ዓይነት የራሱ የእርምጃ ልክ ስላለውም ሠራዊት ከጀግና ወደ ጀግና ማቀባበል ጥቅም አጣ። እሱ ግን ወደደው። «እዚህ ጀግናው ከኋላ ቆሞ አያዝም፤ ራሱ ሜዳ ገብቶ ይዋጋል፣ ይሞታልም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከተሞቹ ወደ ስድስት መቀነሳቸውን፣ ወታደር ማሳደግ መቅረቱን እያነሣሁ እሞግተዋለሁ። እሱ የሦስተኛውን ልክ ያውቃል፤ እኔ ግን አራተኛው በእጄ አልነበረም።

አንድ ክረምት ለዕረፍት ሲመጣ ሲዲውን ይዞልኝ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ጭነነው ከተማ እየመረጥን ሳለ መብራት ሄደ። እስከ እኩለ ሌሊት በሻማ ተቀምጠን ስለ ጌሙ አወራን እንጂ አልተጫወትንም። ከዚያ በኋላ ዘመድ ጥየቃው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ ቀኑን ሁሉ ወሰደውና ተመልሶ ሄደ። ያ ኮምፒውተር ሴቭ ካደረግነው ጨዋታ ጋር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጠፋ፤ እሱም ትዳር መሥርቶ ኑሮውን እዚያው አድርጓል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለቱን ጌሞች ሳናመዛዝን መቅረታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

አራተኛውን በኋላ ብቻዬን ተጫውቼ ጨርሻለሁ። ስለ ጀግኖቹ አብሮ አደጌ እውነቱን ነበር። ሁለት ጦሮች ሲጋጠሙ ምቱ በአንድ ጊዜ የሚያርፍ በመሆኑም ቀድሞ የመታ ብቻ የሚያተርፍበት ነገር ቀርቷል፤ ከሁለት የወታደር መኖሪያዎች አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ስለሆነ ደግሞ አንድ ዓይነት ከተማ በያዙ ሁለት ተጫዋቾች እጅ የተለያየ ሠራዊት ይወጣል። ሆኖም ኮምፒውተሩ ባላጋራ ሆኖ ሲጫወት ደካማ ነው። አሳታሚው ስሪ ዲ ኦ በገንዘብ ችግር ውስጥ ነበር፤ በ2003 ከስሮ የጌሙን ስም ዩቢሶፍት የተባለ ሌላ ጌም አሳታሚ በ1.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ደፋር ሐሳብ የያዘ ጌም ለመታረም በቂ ጊዜ እንዳላገኘ ያስታውቃል። እንግዲህ ጌሞችን በደረጃ መደርደር አልወድም፤ ቢሆንም ሦስተኛው ይበልጣል ከማለት አልመለስም።

የዛሬ ወጣቶች ላይ የማየው ችግር ሌላው ሲጫወት በዩቲዩብ ተመልክቶ «አራተኛው አይረባም» ብሎ መፍረድ ነው። ዐሥር ደቂቃ ያላሳለፉበትን ጌም እንዲህ ሲያጣጥሉ ስሰማ አዝናለሁ። ደግሞም ትዕግሥት የላቸውም እንዳልል፣ ሆርን ኦቭ ዘ አቢስ የተባለውን የሦስተኛው ተጨማሪ የሠሩት አፍቃሪዎቹ ናቸው፤ ከ2011 ጀምሮ ኮቭ የሚባል የባሕር ወንበዴዎች ከተማ ጨምረው እስከ ዛሬ እያሻሻሉት ነው፤ እንዲህ ያለ ጽናት በእኔ ዘመን አላየሁም።

ለጠየቀኝ ልጅና ለጓደኞቹ ይህን እላለሁ። ሦስተኛውን ስትፈልጉ ድርጅቱ ራሱ ያወጣቸው ሁለቱ ተጨማሪዎች ያሉበትን የተሟላውን ውሰዱ፤ በ2015 ምስሉ ታድሶ የወጣው እነሱን አላካተተም። ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር፣ በአንድ ስክሪን፣ መካከለኛ ካርታ መርጣችሁ ተጫወቱ፤ ከዚያው ሰው ጋር አራተኛውን ጀምራችሁ እስኪያልቅ ድረስ አትነሡ። ቀጥሎ ኒቫል የተባለው የሩሲያ ድርጅት በ2006 የሠራውን አምስተኛውን ያዙ፤ ሳምንታዊውን ቆጠራ መልሶታል፣ በውጊያ ላይ ተራው የማን እንደሆነም በስክሪኑ ታች ተሰልፎ ይታያል። በ2011 የወጣው ስድስተኛው ለግንባታና ለወታደር መግዣ የሚሰበሰቡትን ሀብቶች (ወርቅ፣ እንጨትና የመሳሰሉትን) ከሰባት ወደ አራት ያወረደ፣ የማረኩትን ከተማ ወደ ራስ ዓይነት መቀየር የፈቀደ ነው፤ ምን እንደጎደለው የሚታያችሁ ሌሎቹን ካወቃችሁ በኋላ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አድርጉት።