«በፈቃዴ ከፍያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል?

ጥያቄ፦

«የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና የድባቴ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ጎረቤቴ «የውስጥ ፈውስ» ወደሚሰጥ አሠልጣኝ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ቀን ቃሊቲ በአንድ አዳራሽ በነጻ ነበር፤ እዚያው ፎርም ሞልቼ ለ21 ቀን ሥልጠና 4,500 ብር ከፈልኩ። በጥር ገላን በተከራየው ቪላ ለ«ደረጃ ሁለት» 35,000 ብር፣ በመጋቢት ደግሞ ለ«ግል ክትትል» 140,000 ብር ከፈልኩ። ወርቄን ሸጫለሁ፤ የእቁቤንም ዕጣ ጨምሬያለሁ። «የሥነ ልቦና ዶክተር ነኝ» ይለን ነበር፤ መድኃኒቱንም «ፈውሱን ያፍነዋል» ብሎ አስተወኝ። ለማዕከሉ ግንባታ ብሎ 60,000 ብር ያለ ወረቀት በብድር ወስዶብኛል። «ተፈውሻለሁ» ብዬ በቪዲዮ መስክሬያለሁ። በዚህ ዓመት ጥር ሕመሙ ብሶብኝ ሐኪም ቤት ተኛሁ። ገንዘቤን ስጠይቀው «ያልተፈወስሽው ስለተጠራጠርሽ ነው፤ ደግሞም ፈርመሻል» አለኝ፤ ሳለቅስ የተቀረጸውን ቪዲዮ እንዳልረሳውም ነገረኝ። ልጆቼ «ቅሌት ነው፣ ተዪው» ይላሉ። ጎረቤቴ ግን አሁንም እየከፈለች ነው። ሕጉ ምን ይላል?»

መልስ፦

ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት፣ በደብዳቤዎ መድኃኒቱን እንደገና መጀመር አለመጀመርዎን ስላልጠቀሱ፣ ካልጀመሩ ወደ ጠበቃ ቢሮ ከመምጣትዎ በፊት ወደ ሐኪምዎ እንዲመለሱ እለምንዎታለሁ። ይህ ምክር ለጤናዎ ሲባል ብቻ የተሰጠ አይደለም። መድኃኒቱ መቼ እንደታዘዘ፣ መቼ እንደተቋረጠ፣ በጥር ሲተኙ ሐኪሙ ምን ብሎ እንደመዘገበ የሚያሳየው የሕክምና ማስረጃ፣ በእጅዎ ካለው ሰነድ ሁሉ የበለጠ ክብደት የሚኖረው ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የፈረሙትን ወረቀት ፎቶ አይቼዋለሁ። «ለማዕከሉ የሰጠሁት ገንዘብ በሙሉ ፈቃዴ የተሰጠ ስለሆነ ወደፊት አልጠይቅም» ይላል። በኮፒ ማሽን የተባዛ ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ ታትሞ የስምና የፊርማ ቦታ ብቻ ባዶ ተትቷል፤ ቀኑም ከእርስዎ ፊርማ በተለየ ቀለም ተሞልቷል። ገንዘቡን ላለመመለስ የሚያስፈርም ወረቀት ገንዘቡን ሳይቀበል አስቀድሞ ያባዛ ሰው፣ ገንዘባቸውን የሚጠይቁ ሰዎች እንደሚመጡበት ያውቅ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እኔ የእርስዎ ጠበቃ ብሆን ይህን ወረቀት ከእርሱ ቀድሜ ለፍርድ ቤት የማቀርበው እኔ ነኝ።

ፊርማ ነገሩን አይዘጋውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውል የሚጸናው ፈቃዱ ጉድለት የሌለበት ሲሆን ነው፤ ሕጉም ስሕተትን፣ ተንኮልንና መገደድን የፈቃድ ጉድለቶች አድርጎ ቆጥሯቸዋል። በቁጥር 1704 መሠረት አንደኛው ወገን የማታለል ዘዴ ባይጠቀም ኖሮ ሌላው ወገን የማይዋዋል ከነበረ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥር 1705 ደግሞ በመካከላቸው የተለየ መተማመን ያለባቸውን ሰዎች ይመለከታል፤ እንዲህ ባለው ግንኙነት ውስጥ ሐሰት መናገር ቀርቶ በቸልተኝነት የተሳሳተ ነገር መናገርም ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሐዘንተኛ ሴት የባሏን ሞት እያነሳች በየሳምንቱ የምታለቅስበት ክፍል ውስጥ ያለው ግንኙነት የተለየ መተማመን ካልተባለ፣ ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም። ገንዘብ አልጠይቅም የሚለው ወረቀት የተፈረመውም በዚያው መታለል ውስጥ በመሆኑ፣ ዋናው ውል ሲወድቅ አብሮ እንዲወድቅ መጠየቅ ይቻላል።

ነገር ግን ተንኮሉን ማስረዳት የእርስዎ ግዴታ ነው። ተስፋ መስጠት፣ ማበረታታት፣ «ሕይወትሽ ይለወጣል» ማለት፣ ይህንንም በውድ ዋጋ መሸጥ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ሥልጠናው እንዳሰቡት ስላልሆነ ብቻ ገንዘብ አያስመልስም። ስለዚህ የሰውየውን አነጋገርና የቪላውን ሻማና ሙዚቃ ትቼ ሁለት ነገሮችን ብቻ እይዛለሁ። የመጀመሪያው «የሥነ ልቦና ዶክተር ነኝ» ማለቱ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሰርተፍኬት እርስዎ እንዳሉት የስድስት ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ከሆነ፣ ያልሆነውን ነኝ ብሏል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማስተዉ ነው። የንግድ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ የማማከር አገልግሎት ፈቃድ ግን ድባቴን ለማከም አያበቃም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ጉዳዩን ወደ ወንጀልም ያሻግሩታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 692 የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አሳሳች ነገር በመናገር፣ ማንነትን ወይም ሁኔታን አስመስሎ በማቅረብ፣ መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ወይም በሌላው ሰው የተሳሳተ እምነት በመጠቀም ሰው ንብረቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ያደረገን ሰው በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቁጥር 535 አስፈላጊው የሙያ ብቃትና ፈቃድ ሳይኖረው በሽተኞችን ማከምን ልማድ ያደረገን ሰው ይመለከታል። ቁጥር 694 የሰውን የዋህነት ለጥቅም ማዋልን ለብቻው ወንጀል አድርጎታል፤ ድንጋጌው ጥንቆላን፣ ኮከብ ቆጠራንና ሕልም ፍቺን በስም ቢጠራም በእነርሱ አይወሰንም። «ኢነርጂሽ ተዘግቷል፤ የባልሽ መንፈስ ይዞሻል» የሚለው የአሠልጣኙ ንግግር በየትኛው ድንጋጌ ሥር እንደሚወድቅ ዐቃቤ ሕጉ ይወስናል። አቤቱታዎ የተነገረዎትን ቃል በቃል ከነቀኑ ቢይዝ ይበቃል፤ የወንጀሉን ስም እርስዎ መምረጥ አይጠበቅብዎትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1710 ብዙ ሰው ሰምቶታል። የተጎጂው ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ጉልህ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ሆኖ ፈቃዱ የተገኘ ከሆነ፣ ፍትሕ በሚያስፈልግ ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ዋጋው ለአንድ ወገን ማድላቱ ብቻ ግን አይበቃም። በአማራጭነት ልናነሳው እንችላለን፤ ዋና መደገፊያ ላደርገው ግን አልፈልግም፤ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ገደብ፣ ከሌሎቹ ይልቅ አጭር ሊሆን ይችላልና። በቁጥር 1810 መሠረት ውል እንዲፈርስ የሚቀርብ ክስ ለመፍረሱ ምክንያት የሆነው ነገር ከቀረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ሲኖርበት፣ በ1710 ከሆነ ግን ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ውሉ ከተደረገበት ቀን ነው። ሦስት ጊዜ ከፍለዋል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቀን አላቸው። የጥቅምቱ 4,500 ብር በመጪው ጥቅምት፣ የ35,000ው በጥር፣ ትልቁ የ140,000 ብር ክፍያ ደግሞ በመጋቢት ሁለት ዓመት ይሞላዋል። በተንኮል ብንከስ ጊዜው የሚቆጠረው መታለልዎን ካወቁበት ቀን ነው ብለን እንከራከራለን፤ ተከሳሹ ደግሞ «ቀድማ ታውቅ ነበር» ማለቱ አይቀርም። አሁን ሰኔ ላይ ነን፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ስለሚዘጉ፣ ክሱ ሐምሌ ሳያልቅ መዝገብ ቢከፈትበት መልካም ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው በከተማችን ዳርቻ ለሚኖር ሰው ሁሉ የሚያስቸግር ጥያቄ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ሲሆን ገላን ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ነው። መንገዱን ተሻግሮ እንደመሄድ ቀላል ቢመስልም በሕግ ፊት ሁለት ክልል ነው። በተለያየ ክልል በሚኖሩ ሰዎች መካከል ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል፤ የውል ክርክር ከሆነ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይቀርባል። የመጀመሪያውን ፎርም የሞሉት ቃሊቲ አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ስለዚህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ ቢያንስ ያ ውል አዲስ አበባ ላይ ተደርጓል። ገላን ላይ የተደረጉትን ሁለቱን አብሮ ለመክሰስ የሚቻለው ሦስቱ ክፍያዎች የአንድ ውል ደረጃዎች መሆናቸውን ማሳየት ከተቻለ ነው፤ የፎርሙ ርእስ «የሦስት ደረጃ የፈውስ ጉዞ» ስለሚል ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ካልሆነ ግን በሕገ መንግሥቱ ውክልና የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ በሚይዘው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መክሰስ ይኖርብዎታል፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ የሚጽፍና የሚከራከር ጠበቃ ያስፈልግዎታል።

የ60,000 ብሩን ነገር ለብቻው ማየት ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ምስክር ቢደረደር አይረዳም፤ የቴሌብሩ መልእክትም ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ይሁን እንጂ በቴሌግራም «ብድርሽን ለፋሲካ እመልሳለሁ» ብሎ የላከልዎ ጽሑፍ አለ። የኤሌክትሮኒክ መልእክት በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ ዕውቅና ስላገኘ ይህንን መልእክት እንዲይዙት እመክራለሁ፤ ያን ያህል ሳልተማመንበት ግን ገንዘቡን ያለ ሕጋዊ ምክንያት መበልጸግን በሚመለከተው በቁጥር 2162 መሠረት በአማራጭ እጠይቃለሁ። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፤ ስልኩን አይቀይሩ፣ ውይይቱን አያጥፉ፣ ከቡድኑም አይውጡ።

በጣም የሚያሳፍርዎ ቪዲዮው መሆኑን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ ተከሳሹም መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። «ተፈወስኩ ብላ በራሷ አንደበት መስክራለች» ይላል። እንግዲህ ከላይ ያልኩት የሕክምና ማስረጃ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ቪዲዮው የተቀረጸው በ21ኛው ቀን፣ መድኃኒቱን ካቆሙ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው፤ ሐኪም ቤት የተኙት ከዚያ በኋላ ነው። «ካልመሰከርሽ ፈውሱ አይጸናልሽም» መባልዎን ጎረቤትዎም ሰምተዋል ብለዋል፤ ፈውሱ እንዳይጠፋባት የመሰከረች ሴት ቃል የዘዴው አካል እንጂ የሥልጠናው ውጤት አይደለም ብዬ እከራከራለሁ። ያለቀሱበትን ቅጂ በማንሳት ማስፈራራቱ ደግሞ ለእርሱ አደጋ ነው፤ ሰውን በሚያዋርድ ነገር ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን፣ ያለ ፈቃድዎ ምስልዎን ለሕዝብ እንዳያሳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 እና ተከታዮቹ መሠረት የማስቆም ትእዛዝ መጠየቅ ይችላሉ። ማስፈራሪያው በድምፅ መልእክት ከሆነ የመጣው ሳይሰማ እንዳይቀር ለፖሊስ በቅድሚያ ያስደምጡት።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ በኩል እንዳይፈጸም እጠነቀቃለሁ። ደረሰኝ እንደማይሰጥ አውቀው «ገንዘቤን ካልመለስክ ለገቢዎች እነግርብሃለሁ» ብለው እንዳይጽፉለት። ለገቢዎች መጠቆም መብትዎ ነው፤ ጥቆማውን ገንዘብ ለማስመለሻ ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ያልታሰበ ጣጣ ያመጣል፤ ከሳሽ ሆነው የገቡበት ችሎት ላይ ተከሳሽ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ቪላው ኪራይ ስለሆነና ሰውየው በስሙ ሌላ ንብረት ስለማይታወቅበት፣ ክሱ ሲቀርብ አብሮ የባንክ ሒሳቡ ላይ የእግድ ትእዛዝ ቢጠየቅ መልካም ነው፤ ፍርድ ከተገኘ በኋላ የሚያዝ ነገር ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የዳኝነት ክፍያው ካቃተዎ ያለ ክፍያ ለመክሰስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት መጠየቅ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የወንጀሉን አቤቱታ ለፖሊስ ማቅረቡ የፍትሐ ብሔር ክሱን አያስቆመውም፤ ከወንጀሉ በነጻ ቢሰናበት እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ልጆችዎ «ቅሌት ነው» ማለታቸውን አልነቅፍም፤ እናታቸው ስትጎዳ ያዩ ልጆች ናቸው። ሆኖም በዚህ ሁሉ ድንጋጌ ውስጥ ተጎጂው ለምን አመነ የሚል ጥያቄ የለም። የሚጠየቀው ሌላው ወገን ምን እያወቀ ምን እንዳለ ነው። ፖሊስ ጣቢያ «እንዴት አመንሽው?» የሚል መርማሪ ቢያጋጥምዎ፣ «ዶክተር ነኝ ብሎኝ ነው» ይበሉ፤ እሱ ራሱ የአቤቱታዎ የመጀመሪያ መስመር ነው።

ስለ ጎረቤትዎ የጠየቁኝን በመጨረሻ ልመልስ። እሳቸው ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ፍርድ ቤትም ያልከለከላቸው ሰው ስለሆኑ በስማቸው ሊከሱላቸው አይችሉም፤ ዘመዶቻቸውም በግድ ሊያስቆሟቸው አይችሉም። ሊከራከሯቸው አይሞክሩ፤ «ስለተጠራጠርሽ ነው» የሚለው ቃል አስቀድሞ ተነግሯቸዋልና የእርስዎን ክርክር እንደ ጥርጣሬ ይቆጥሩታል። ሲመቻችሁ ቡና ላይ የራስዎን የሦስት ክፍያ ዝርዝር ከነቀኑ ያሳዩዋቸውና እሳቸው የከፈሉትን ከጎኑ እንዲጽፉ ብቻ ይጠይቋቸው። ቀጣዩን ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲያደርጉም ይንገሯቸው፤ አንድ ቀን ወደ እኔ ሲመጡ በእጃቸው የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል።