የታሰረ እጅ ሲያብጥና ሲደነዝዝ

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት እናቴ በክረምቱ ጭቃ አዳልጧቸው በመዳፋቸው ተደግፈው ወደቁ። ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ አንጓቸውን በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። በማግስቱ ጣቶቻቸው አበጡ፣ ደነዘዙም። እርሳቸው ግን «ጣቶቼ ስለሚንቀሳቀሱ አልተሰበርኩም» ይላሉ። ምን ላድርግ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ደብዳቤዎ እንደደረሰን በስልክ የነገርንዎትን እዚህ የምንደግመው ለሌሎች አንባቢያን ብለን ነው። ማሰሪያው ወዲያውኑ መፈታት አለበት። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እያበጠ ስለሚሄድ፣ ዙሪያውን የተጠፈረ ቀርከሃ እብጠቱን መውጫ ያሳጣዋል፤ ደም ወደ ጡንቻና ወደ ነርቭ መድረሱን ሲያቆም ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ የማይመለስ ይሆናል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናትና ወጣቶች አሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ሌላ ሰው ሲዘረጋቸውም ሕመሙ የሚብስ ከሆነ፣ ማሰሪያው ቢፈታም ሳይዘገዩ ወዲያውኑ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ጄሶ የታሰረለት ሰውም እነዚህን ምልክቶች ካየ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመለስ።

ወጌሻ በቅርብ የሚገኝና ሰው የሚያምነው ባለሙያ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ስብራትን ከወለምታ በዳሰሳ ብቻ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በአብዛኛው ክንድ ላይ ስለሆኑ፣ አንጓው ተሰብሮም ጣት ሊታጠፍ ይችላል። አጥንቱ ሲነካ የሚያም፣ እጁ ወደ ኋላ የተጣመመ ወይም ዕቃ መጨበጥ ያቃተው ከሆነ ራጅ መነሳት ይገባል። አውራ ጣት ሲቀሰር ከሥሩ የሚታየው ጎድጓዳ ቦታ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ደግሞ፣ በዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ስለሚችል ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ምርመራው ይደገማል።

እስከ ሆስፒታል ድረስ ቀለበት አውልቀው፣ እጁን በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርገው ደግፈው ከደረት ከፍ ያድርጉት፤ በቅቤ ማሸት ግን አይገባም። አጥንቱ ካልተናጋ በጄሶ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከተናጋ በማደንዘዣ ተስቦ ይስተካከላል ወይም በቀዶ ሕክምና በብረት ይታሰራል። በጄሶው ወቅት ጣት፣ ክርንና ትከሻ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሱ ይደርቃሉ።

በእናትዎ ዕድሜ ከቁመት ያልበለጠ አወዳደቅ አጥንት ከሰበረ የአጥንት መሳሳት ሊኖር ስለሚችል፣ ይህም እንዲመረመር ሐኪሙን ይጠይቁ።