መልስ፦ ፓይተን 3.8ን መደገፍ መቼ ላቁም?

የምታወጣው የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) በድሮው 3.8 ቨርዥን ላይም እንዲሠራ ማድረጉን አሁኑኑ ተወው። 3.8 የደህንነት ጥገና ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ነው። የፓይተን ሰዎች ራሳቸው የተዉትን አንተ በትርፍ ጊዜህ የምትሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

«ገና የሚጠቀሙበት አሉ» ላልከው፣ ማንም ሜዳ ላይ አይቀርም። ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛው) የተጠቃሚውን የፓይተን ቨርዥን አይቶ የሚስማማውን የመጨረሻ ልቀት ይመርጥለታል። የድሮው ልቀትህ ፓይፒአይ (ፒፕ የሚያወርድበት የላይብረሪዎች ማከማቻ) ላይ እንዳለ ይቆያል። 3.8 አብሮት በሚመጣው የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኡቡንቱ 20.04 ላይ የቀረ ሰው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ ነገር ፈላጊ አይደለም።

1. 3.8ን የሚደግፍ የመጨረሻ ልቀት አውጣ። የመጨረሻው መሆኑን በግልጽ ጻፍ።
2. ላይብረሪህ ከየትኛው ፓይተን ጀምሮ እንደሚሠራ ለፒፕ የሚነግረውን «ሪኳየርስ ፓይተን» የሚለውን መስመር ከፍ አድርግ። 3.9ም በኦክቶበር 2025 ስላበቃ፣ እጅህን ካስገባህ አይቀር በቀጥታ ወደ 3.10 ዝለል።
3. ለ3.8 ሲባል የቆየውን ኮድ ማጽዳት የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋን አደራ። ሰው ሲረሳት ደጋግሜ አይቻለሁ። ኮዱ ውስጥ ከ3.10 ጀምሮ ብቻ የሚሠራው «ማች» የሚባለው ትእዛዝ ገብቶ መስመሯ ሳትቀየር ከወጣ፣ የ3.8 ተጠቃሚ አዲሱን ያወርድና ገና ኢምፖርት ሲያደርግ ሲንታክስ ኤረር (ፓይተን ኮዱን መረዳት አልቻልኩም የሚልበት ስህተት) ይመጣበታል። ይባስ ብሎ በቀጣዩ ልቀት ብታስተካክላትም አይድንም። ፒፕ የሚሆነውን ፍለጋ ወደ ኋላ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ የተበላሸውን ነው። እንዲህ ከሆነ የተበላሸውን ልቀት ፓይፒአይ ላይ «ያንክ» አድርገው (ሳይሰረዝ ከምርጫ ውጪ ማድረግ ማለት ነው)፤ ፒፕ ያልፈውና ጤነኛው ላይ ያርፋል።