ሥዕሌን ወሰዱብኝ ከማለትዎ በፊት፣ ፎቶግራፉ የማን ነበር?

ጥያቄ፦ «ሥዕል የምሠራው በዲጂታል መሣሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዲት አዛውንትን የፊት ገጽታ ሥዬ በማኅበራዊ ትስስር ገጼ ላይ ለጠፍኩት፤ ብዙ ሰውም ወዶ አጋራው። የሥዕሉ መነሻ በበይነ መረብ ያየሁት ፎቶግራፍ ነው፤ የቀረው ሁሉ የራሴ ነው። ባለፈው ወር ያው ሥዕል ያለ ስሜ የአንድ ልብ ወለድ ሽፋን ሆኖ ታትሞ፣ በበይነ መረብም ሲሸጥ አየሁ። አሳታሚውን ስጠይቅ ‹በይነ መረብ ላይ ለሁሉም የተለቀቀ ሥዕል ነው፤ ደግሞም ዲዛይነራችን ፈቃድ ወስዷል› አለኝ። በነፃ ስለለቀቅሁት መብቴን አጥቻለሁ? መክሰስስ እችላለሁ? እስከዚያው ድርጊታቸውን ስማቸውን ጠቅሼ በገጼ ላይ ላወጣው አስቤአለሁ።»

መልስ፦

ውድ ጠያቂ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ በሰፊው የምጽፍልዎ ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ስላለፉት ጉዳይ ነው።

በነፃ በመለጠፍዎ መብትዎን አላጡም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች የተቀበሉት የበርን ስምምነት፣ በ1908 ከተሻሻለበት ጊዜ ጀምሮ፣ የቅጂ መብት ጥበቃ በምዝገባም ሆነ በሌላ ሥርዓት መፈጸም ላይ እንዳይመሠረት ደንግጓል። ወጥ የሆነ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በመፈጠሩ ነው፤ አንዳንድ አገሮች ከዚህ ጋር በሆነ ነገር ላይ መስፈሩን ይጠይቃሉ፤ የእርስዎ ሥዕል ፋይል ሆኖ ተቀምጧልና ይህም አያሳስብም። ጥበቃው ቢያንስ ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ከገንዘብ ጥቅሙ ባሻገር ስምዎ በሥራዎ ላይ እንዲነሣ የመጠየቅ የሞራል መብትም አለዎት። ማኅበራዊ ገጹ ሲመዘገቡ ያስፈረመዎ የአጠቃቀም ውል በአብዛኛው ለገጹ ባለቤት ሥዕሉን የማሳየትና የማሰራጨት ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ለሦስተኛ ወገን የመጽሐፍ ሽፋን የማድረግ ፈቃድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ዕለት ፎቶግራፍ አንሺው ዳንኤል ሞሬል በትዊተር በኩል ያጋራቸውን ፎቶግራፎች የዜና ወኪሉ ኤኤፍፒ ሳያስፈቅደው አሰራጭቶ ነበር። ወኪሉ የትዊተርን የአጠቃቀም ውል መከላከያ አድርጎ ቢያቀርብም የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፤ በ2013 መጨረሻም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ለሞሬል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ወሰኑለት። የአሳታሚው የመጀመሪያ መልስ፣ ማለትም «ለሁሉም የተለቀቀ ነው» የሚለው፣ በሕግ ፊት ውኃ የማያነሣ መልስ ነው።

ሁለተኛው መልስ ግን ቀላል አይደለም። በገጽዎ ላይ የለጠፉት ምስል መጠን ምን ያህል ነበር? አሥራ አምስት በሃያ ሦስት ሴንቲሜትር የሆነ ሽፋን በተለመደው የኅትመት ጥራት ለማተም ወደ 1,800 በ2,700 ፒክስል የሚጠጋ ምስል ያስፈልጋል፤ ማኅበራዊ ገጾች ደግሞ የምንለጥፈውን ምስል አሳንሰውና ጨምቀው ነው የሚያሳዩት። አነስተኛ ምስል የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች ስላሉ በዚህ ብቻ መደምደም አልችልም። ቢሆንም ሽፋኑ ጥርት ብሎ ከታተመ ትልቁን ፋይል ለማን ልከው እንደነበር መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዲዛይነር ሥራዎን አድንቆ ጽፎልዎ፣ እርስዎም ደስ ብሎዎት «ችግር የለም፣ ተጠቀምበት» ብለው ልከውለት ይሆናል። እንዲህ ያለ መልእክት ካለ ፈቃድ አልሰጠሁም ማለት አይችሉም፤ ክርክሩ የፈቃዱ ወሰን እስከ የት ነበር ወደሚለው ይዞራል። ስለዚህ የመልእክት ሳጥኖችዎን ሁሉ፣ የተዉትን የኢሜይል አድራሻ ጭምር፣ ይፈትሹ። ያገኙትን፣ የሚጎዳዎትንም ቢሆን፣ አያጥፉ።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ። «የሥዕሉ መነሻ በበይነ መረብ ያየሁት ፎቶግራፍ ነው» ብለው ያለፉትን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶግራፉን ማን አነሣው? የት አገኙት? አንሺውን ጠይቀዋል? ሥዕሉን ሲለጥፉስ ስለ እርሱ አንድ ቃል ጽፈዋል? እነዚህን ሳያነሡ ስለ ክስ መጠየቅዎ በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ልወቅስዎ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ሠዓልያን መካከል ብዙዎቹ የሚሰናከሉት በዚሁ ቦታ ነው። ሥራቸው ሲወሰድባቸው የሚሰማቸው ሕመም እውነተኛ ነው፤ እነርሱም ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ወስደው እንደነበር የሚያስታውሱት ግን የተከሳሹ ጠበቃ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ለችሎት ሲያቀርብ ነው።

ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። አንዲት አዛውንት በመስኮት ብርሃን ፊት ተቀምጣ ማየትና እርስዎም ሌላ አዛውንት በመስኮት ብርሃን ፊት መሣል ማንንም አይነካም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው፤ በፎቶግራፍ ረገድ ይህ ማለት አንሺው የመረጠው ማዕዘን፣ ያደረገው የብርሃንና የጥላ አደላደል፣ የክፈፉ አቆራረጥ፣ የካሜራውን ቁልፍ በጣቱ የተጫነባት ቅጽበት ነው። የፎቶግራፉን መስመር ተከትለው ሥለው ከሆነ፣ የግንባሯ መጨማደድና የአንገት ልብሷ እጥፋት ከፎቶግራፉ ጋር አንድ ከሆነ፣ ያ መነሻ መሆኑ ቀርቶ ማላመድ፣ ማለትም የሌላውን ሥራ ለውጦ ሌላ ሥራ ማድረግ፣ ሆኗል። የበርን ስምምነትም የአንድን ሥራ ማላመድ የመፍቀድ መብት የሥራው አመንጪ እንደሆነ ይደነግጋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ደንበኞች የሚያቀርቡልኝ መልሶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ቀለሙን ቀይሬዋለሁ፤ ዳራውን አውጥቼዋለሁ» ይላሉ፤ ይህ በራሱ ነፃ አያወጣም። «ይህን ያህል በመቶ ከተቀየረ አዲስ ሥራ ይሆናል» የሚለው በሠዓልያን መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ወሬ ነው፤ እንዲህ ያለ የመቶኛ ደንብ የያዘ የቅጂ መብት ሕግ አላየሁም። ዳኛ የሚመለከተው የወሰዱትን እንጂ የጨመሩትን ብቻ አይደለም። «ምንጩን ጠቅሻለሁ» የሚለውም ጨዋነት ነው፤ ፈቃድን ግን አይተካም። «ፎቶግራፉ የባለቤት ስም አልነበረውም» ማለትም እንዲሁ ነው፤ በገጾች መካከል ሲዘዋወር ስሙ የተቆረጠበት ፎቶግራፍ፣ ዛሬ እርስዎን እንዳስቆጣዎት ሽፋን ሁሉ፣ ባለቤት አለው።

ይህ ነገር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙዚቀኛውን ፕሪንስን ፎቶግራፍ አንሥታ ነበር። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ሠዓሊ እንዲሠራበት 400 ዶላር ከፍሎ ለአንድ ጊዜ ብቻ የመጠቀም ፈቃድ ወሰደ፤ ሠዓሊውም አንዲ ዋርሆል ነበር። ዋርሆል ከዚያው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ተከታታይ ምስሎች ሠራ፤ ከሞተ በኋላ በ2016 ከእነዚያ አንዱ በሌላ መጽሔት ሽፋን ላይ ሲወጣ ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ተከፈለው፤ ለጎልድስሚዝ ግን ምንም። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 2023 በሰባት ለሁለት ድምፅ ለእርሷ ተወሰነ፤ ፍርድ ቤቱ ምስሉ ለመጽሔት መከራየቱን ከፎቶግራፉ ዓላማ ጋር ተመሳሳይና ንግዳዊ ሆኖ አገኘው። ከዚህ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። እንደ ዋርሆል ያለ ዝና ያለው የሠዓሊ እጅ እንኳ የፎቶግራፉን ባለቤት አላስረሳም። ደግሞም ጎልድስሚዝን ከጠቀሟት ነገሮች አንዱ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶም የተገኘው፣ «ለአንድ ጊዜ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ነው።

በእርስዎ ጉዳይ ውጤቱ ምን ሊሆን ይችላል? በአሜሪካ ሕግ የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ተጠቅሞ የተሠራ ሥራ፣ የተወሰደው ነገር በገባበት ክፍሉ ሁሉ ጥበቃ አያገኝም። በእንግሊዝ ደግሞ ፈቃድ ያልተገኘበትም ሥራ ሠሪው የጨመረው በቂ ከሆነ የራሱ መብት ሊኖረው እንደሚችል ፍርድ ቤት ተቀብሏል፤ ለዋናው ባለቤት የሚኖረው ኃላፊነት ግን አይቀርለትም። ስለዚህ የሚከሱበት አገር ሕግ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል በዚያ አገር ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሰነዶቹን አይቶ ሊነግርዎ ይገባል፤ የእኔ ደብዳቤ ያንን አይተካም። በሁለቱም መንገድ ግን ክስዎ ከተሰማ በኋላ አሳታሚው ፎቶግራፍ አንሺውን ፈልጎ ማግኘት አይከብደውም፤ በምስል የሚፈልጉ መሣሪያዎች ለእርሱም ክፍት ናቸው። ያን ጊዜ ከሳሽ ሆነው የጀመሩት እርስዎ፣ አንሺው በሚያቀርብብዎት ክስ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። የአዛውንቷም ነገር አለ፤ ፊቷ በሽያጭ መጽሐፍ ላይ እንዲወጣ እርሷ ወይም ቤተሰቧ ፈቅደዋል ወይ የሚለው የራሱ ጥያቄ ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዳንዶች «እንግዲያው ፎቶግራፉን ባላነሣውስ?» ይሉኛል። እባክዎ ይህን አያስቡት። ሼፐርድ ፌሪ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ ዘመን ለሠራው ዝነኛ የባራክ ኦባማ ፖስተር መነሻ ያደረገው የዜና ወኪሉን የአሶሺየትድ ፕሬስን ፎቶግራፍ ነበር። ክርክሩ ላይ ሊቆምበት የሚችል የሕግ መከራከሪያ ነበረው፤ ነገር ግን የተጠቀመው ሌላ ፎቶግራፍ እንደሆነ ተናገረ፤ ማስረጃ አጠፋ፤ የሐሰት ማስረጃም አዘጋጀ። የፍትሐ ብሔሩ ክርክር በ2011 በስምምነት ቢያልቅም፣ በ2012 ስለዚሁ ድርጊት በወንጀል ጥፋተኛ ሆኖ የሁለት ዓመት የአመክሮ ጊዜ (ከእስር ውጭ በክትትል መቆየት)፣ 300 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 25,000 ዶላር መቀጮ ተወሰነበት። ፎቶግራፍ ተጠቅሞ መሣል ለብቻው ወደዚህ ባላደረሰው ነበር። ለጠበቃዎ እውነቱን አስቀድመው ከነገሩት መንገድ ይፈልግልዎታል፤ በችሎት መካከል ከሰማው ግን የሚረዳዎት ነገር ጥቂት ነው።

መንገድም አለ። ፎቶግራፉን መልሰው ያግኙት፤ አንሺውን ይለዩ፤ ሁለቱን ምስሎች በተመሳሳይ መጠን አትመው ለጠበቃ ያሳዩ። ተመሳሳይነቱ በሐሳብ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ሥጋትዎ ይቀላል። ፎቶግራፉ ክፍት ፈቃድ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ፣ ተሰጥቶት ከነበረ የፈቃዱን ዓይነት ይመልከቱ፤ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት የዚህ ዓይነት ፈቃዶች አንዳንዶቹ ለንግድ መጠቀምን ወይም ሥራውን መለወጥን ይከለክላሉ። ተመሳሳይነቱ ከሐሳብ ካለፈና ፈቃድ ከሌለዎት፣ አሳታሚውን ከመጋፈጥዎ በፊት በጠበቃ በኩል ከአንሺው ጋር መነጋገር ይሻላል። አንሺው ተከሳሽዎ ሳይሆን አብሮ ከሳሽ የሆነበት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ የመጽሐፉ ሽፋን የነካው የሁለታችሁንም መብት ሊሆን ይችላልና።

እስከዚያው አሳታሚውን በገጽዎ ላይ በስም አይውቀሱ። ዲዛይነሩ የእርስዎን መልእክት ይዞ ቢቀርብ የስም ማጥፋት ክስ በር ይከፈትብዎታል፤ የጻፉትም ቃል በማስረጃነት ይቀርብብዎታል። መጽሐፉ ከሚሸጥበት ገጽ ሥዕሉን ለማስወረድ ቅሬታ ለማስገባትም አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ በሚሠራባቸው ገጾች ቅሬታ የቀረበበት ወገን አጸፋ መልስ ካስገባና እርስዎ ክስ ካልመሠረቱ፣ የተነሣው ነገር ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ አውቆ ሐሰት ያመለከተ ደግሞ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ፎቶግራፉን እያወቁ «ሙሉ በሙሉ የራሴ» ብለው እንዲሞሉ አልመክርዎትም። በሌላ በኩል በዝምታ ብዙ አይቆዩ፤ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አለ፤ በአሜሪካ ለምሳሌ ሦስት ዓመት ነው፤ የአገርዎን ጠበቃዎ ያሰላልዎታል።

ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚገባው ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። ከነንብርብሮቹ ያለውን የመጀመሪያውን የሥዕል ፋይል ሳይከፍቱና እንደገና ሳያስቀምጡ ገልብጠው በሁለት ቦታ ያኑሩት፤ በስህተት ካስቀመጡት የተሻሻለበት ቀን ይለወጣል። የመጀመሪያው ልጥፍዎ ቀኑና አድራሻው እንደታየ ስክሪንሾት ያንሡለት፤ ከሥሩ ያሉትን አስተያየቶች ጨምሮ፣ በተለይ ስለ ፎቶግራፉ የጠየቀዎት ወይም እርስዎ የመለሱለት ሰው ካለ። አንድ መጽሐፍ ገዝተው ደረሰኙን ይያዙ፤ የሽፋን ዲዛይነሩ ስም በውስጠኛው ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሥዕሉ ላይ ፊርማዎ ከነበረና በሽፋኑ ላይ ከተቆረጠ ይህን ለይተው ይጻፉልኝ፤ ስሙ በተለመደው መንገድ በሥራው ላይ የሰፈረ ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የሥራው አመንጪ ተደርጎ ይወሰዳልና። አሳታሚው ፈቃድ አለኝ ያለውን ሰነድ ቅጂ እንዲሰጥዎ በጨዋ ቋንቋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስለ መብትዎ ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ምንም አይከራከሩ፤ ከመላክዎም በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።

ለእኔ እንደገና ሲጽፉ ክሱን ተዉትና ሁለት ነገር ብቻ ይላኩልኝ፦ ያንን ፎቶግራፍ ካገኙበት አድራሻ ጋር፣ እና ትልቁን ፋይል የላኩበት መልእክት ካለ ሳይቆረጥ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው።