ዘይቱ ከየት ነው? የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኦይል ሲል፣ ማለትም በሚንቀሳቀስ ብረት ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ ስለሚይዘው የጎማ ቀለበት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን አቆይቼ እነሱን ብቻ ልመልስ።

ያማሃ ዲቲ 125 አለኝ። ከፊተኛው የሰንሰለት ጥርስ ጀርባ ዘይት ያንጠባጥባል። ሲሉን ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት፤ ወር ሳይሞላው ይጀምረዋል። ፎርጅድ እየሸጡልኝ ይሆን? (ከሐዋሳ)

ሊሆን ይችላል። ግን ነጋዴውን ከማማትህ በፊት ሌላ ሌላውን እንይ።

መጀመሪያ ዘይቱ በትክክል ከየት እንደሚወጣ እወቅ። እዚያ አካባቢ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግም የራሱ ሲል አለው። ሰንሰለቱ ላይ የቀባኸው ዘይትም ተፈናጥሮ ሰውን ያሳስታል። ሽፋኑን ፍታና አካባቢውን በናፍታ አጥበህ በደንብ አድርቅ። የሕፃን ፓውደር ነስንስበት። ሞተሩን አስነስተህ ትንሽ አሙቀው። ፓውደሩ ቀድሞ የረጠበበት ቦታ መልሱን ይሰጥሃል።

ዘይቱ ጥርሱ ከተሰካበት ዘንግ ከሆነ ሰንሰለቱን አውልቅና ጥርሱን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ ኩችኔታው ሄዷል። ዘንጉ እየተወዛወዘ የትኛውም ሲል አይቆይልህም፣ ኦርጅናልም ቢሆን። ኩችኔታውን የሚገድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን ስታስተካክል ሰው ተቀምጦበት እንኳ የተወሰነ መላላት ይኑረው።

ኩችኔታው ደህና ከሆነ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርህ ዳሰው። ጥፍርህን ያዝ የሚያደርግ ቦይ ካለ ዘይቱ በዚያ ይሾልካል። በብዙ ሞተሮች ሲሉ የሚያርፈው ዘንጉ ላይ ሳይሆን ዘንጉ ላይ በተሰካ የብረት ቀለበት ላይ ነው። ይሄ መልካም ዜና ነው፤ ቀለበቱን መቀየር ወይም ገልብጦ መሰካት ይቻላል። ቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ኦሪንግ የሚሏት ቀጭን የጎማ ቀለበት ትኖራለች። እሷ ስትደርቅ ዘይቱ ልክ ከሲሉ የወጣ ይመስላል። መካኒኮች ሲሉን ቀይረው እሷን ይረሷታል። የአንተም ጣጣ እሷ ብትሆን አይገርመኝም።

የመጨረሻው የካምቢዮው መተንፈሻ ቱቦ ነው። በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩ ሲግል ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። በሽቦ ጠርገው፤ ምንም አያስወጣህም።

ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ያማሃ ኤጂ 100 ሞተሬ ነጭ ጭስ ያጨሳል፤ የካምቢዮ ዘይቱም ይቀንሳል። መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። (ከደብረ ማርቆስ)

ጋሼ፣ ዘይቱን ሞተሩ ራሱ እየጠጣው ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር፣ ማለትም ከቤንዚኑ ጋር ዘይትም በሚያቃጥለው፣ ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ወዳለበት ክፍል ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያ ክፍል ይስባል። በፍሪሲዮን በኩል፣ ማለትም በቀኝ ያለው ሲል ካረጀ አብሮ የካምቢዮ ዘይት ይስብና ያቃጥላል።

ሞተሩን ከማስፈታትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ጭሱ የሚበዛው ጠዋት ሲያስነሱት ብቻ ከሆነና የሚቀንሰው የቱ ስትሮክ ዘይት ማጠራቀሚያው ከሆነ፣ ችግሩ የዘይት ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዘይት ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። የሚቀንሰው የካምቢዮው ከሆነ ሲሉ ነው።

የቀኙ ከተቀየረ የግራውንም አብረው ያስቀይሩ። በማግኔት በኩል ያለው ሲል ሲያረጅ ጭስ የለውም፤ አየር ነው የሚስበው። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያንሳል፣ ጋዙን ለቀውም ሞተሩ ቶሎ አይረጋም፣ ይጮሃል። በዚያ ሁኔታ ረጅም ዳገት ከወጡበት ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ከሙቀት ብዛት ይጣበቃል። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ሲሉ ከውጭ ይወጣል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። መካኒኩ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ በካቻቪቴ መፈልቀቅ ከጀመረ ያስቁሙት።

የሞተሬ ሲል በስሙ አይገኝም። ምን ልበል? (ከአዳማ)

በስሙ አትጠይቅ፣ በቁጥሩ ጠይቅ። ፊቱ ላይ ለምሳሌ 25 40 7 የሚል ታገኛለህ። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለካ። ኩችኔታ የሚሸጡ ሱቆች ሲልም ይይዛሉ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራም ጠይቅ። ዓይነቱንም ጠይቅ፤ ናይትራይል የሚባለው ተራው ጎማ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሠራል፣ ቫይተን የሚሉት 200 አካባቢ ይችላል፣ ዋጋውም ወደድ ይላል።

ስታስገባው ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ግራሶ ቀባው። ዘንጉ ላይ ጥርስ ካለ በስስ ፌስታል ጠቅልለህ በላዩ አሳልፈው፤ አለዚያ አዲሱ ሲል ገና ሳይሠራ ይቀደዳል። ከሲሉ የውጭ ስፋት ትንሽ በምታንስ ቡሶላ ዙሪያውን እኩል እየነካካህ አስገባ። በመዶሻ አንድ ጎኑን ብቻ መደብደብ የለም።

የ1972 ሆንዳ ሲቢ 350 ገዛሁ። ለዓመታት ቆሞ ነበር፤ አሁን ከብዙ ቦታ ያልበዋል። ዘይት የሚያቆም ኬሚካል ልጨምርበት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

አትጨምር። ያ ኬሚካል ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ለጊዜው ይይዝና ጎማው እየላሸቀ ይሄዳል። በዚያ ላይ በሆንዳህ ፍሪሲዮኑ የሚነከረው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነው፤ ማንሸራተት ቢጀምር ሌላ ወጪ ነው። ዘይቱን ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) በሚል ምልክት ባለው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚነከር ሞተር ሳይክል በተሠራው ቀይርና ለተወሰኑ ቀናት በእርጋታ ንዳው። ቆሞ የደረቀ ሲል አንዳንዴ ዘይት ሲያገኝ ይለሰልሳል። እምቢ ካለ ሙሉውን የሲል ስብስብ ግዛ። ለዚያ ሞዴል አሜሪካ ውስጥ አሁንም ይሸጣል።

የፊት ሾኬ አንዱ እግር ዘይት ያወጣል። (ከባሕር ዳር)

አንዳንዴ ከከንፈሩ ሥር የገባ አሸዋ ብቻ ነው። የድሮ ፎቶ ነጋቲቭ ካለህ ቁራጩን ከሲሉ ሥር አስገብተህ ዙሪያውን ጥረግ። ቱቦው ላይ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ ግን አዲሱንም ሲል ስለሚቀደው መጀመሪያ ቱቦውን አሠራ። ሲል ስትቀይር የሁለቱንም እግር ቀይር፤ ዘይቱም በሁለቱም እኩል ይሁን። እስከዚያው ግን ፍሬኑን እይ፤ ዘይት ሸራው ላይ ከደረሰ አትንዳው።