ለዴቨሎፐሮች የሚሸጥ አገልግሎት፦ ከማስታወቂያው በፊት የሚሠራ ሥራ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን ያነሱት ጉዳይ፣ የአጭር መልእክት መላኪያ ኤፒአይ (የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች በእናንተ ሲስተም በኩል መልእክት እንዲልኩ የሚያገናኝ መስመር) ሠርታችሁ በፌስቡክና በቴሌግራም ቻናሎች ብታስተዋውቁም፣ ከተመዘገቡት ዴቨሎፐሮች (ፕሮግራም ጸሐፊዎች) አብዛኞቹ አንድ መልእክት እንኳ ሳይልኩ መጥፋታቸው ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ዴቨሎፐሮችን የመደገፍ ሥራ ስለሠራሁ፣ የማስታወቂያ በጀት ከመጨመራችሁ በፊት ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው የተሳካ መልእክት ያለውን መንገድ እንድትመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ዴቨሎፐር የሚያምነው ራሱ ሞክሮ ያየውን ነው። የአገልግሎቱን የአጠቃቀም ሰነድ ይከፍታል፣ የምሳሌውን ኮድ ቀድቶ ያስኬዳል፤ ከሠራለት ይቀጥላል፣ እንቢ ካለው ግን ገጹን ዘግቶ ወደ ሌላ አቅራቢ ይሄዳል፤ ለምን እንደተወውም አይነግራችሁም። በነበርኩበት ድርጅት ሰነዱ ላይ የተቀመጠው የምሳሌ ስልክ በ09 የሚጀምር ሲሆን፣ ሲስተሙ የሚቀበለው ግን በ251 የሚጀምረውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ምሳሌውን እንዳለ የቀዳ ሰው ሁሉ «ጥያቄው ትክክል አይደለም» ከሚል መልስ በቀር ምንም ፍንጭ አያገኝም ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባና በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ሲበዙ ግራ መጋባቱ ባሰ። በመጨረሻ ሲስተሙ ሦስቱንም አጻጻፍ እንዲቀበል ተደረገ፤ የስህተት መልእክቱም «ቁጥሩ በ251 ሲጀምር 12 አሃዝ ሊኖረው ይገባል፤ የላኩት 11 ነው» በሚል ዓይነት ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የሚጠይቀን ሰው ጠፋ።

ሁለተኛው መሰናክል የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጥያቄ ነው። አገልግሎታችሁን የሚሞክረው ሰው ብዙውን ጊዜ ተቀጣሪ ወይም በግሉ የሚሠራ ወጣት በመሆኑ እነዚህ ሰነዶች በእጁ የሉም፤ ቢሆንም የትኛው አቅራቢ እንደሚመረጥ ለአለቃው ወይም ለደንበኛው የሚናገረው እሱ ነው። የሙከራ ቁልፉን (ፕሮግራሙ ከአገልግሎታችሁ ጋር ለሙከራ የሚገናኝበትን የይለፍ ኮድ) ኢሜይሉን ብቻ ጠይቃችሁ ስጡት፤ ፈቃዱን ወደ እውነተኛ አገልግሎት ሲሸጋገር ትጠይቃላችሁ። ዋጋውንም በግልጽ አውጡት፤ «ይደውሉልን» የሚል ገጽ ይዞ ለደንበኛው ሒሳብ ሊያቀርብ አይችልም።

በእናንተው መስክ ትልቅ ስም ያለው ትዊሊዮ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጄፍ ላውሰን መድረክ ላይ ቆሞ ኮድ እየጻፈ የታዳሚውን ስልክ ማስጠራቱ ነው። ኩባንያው «ዴቨሎፐራችሁን ጠይቁ» የሚለውን የመንገድ ዳር ቢልቦርድ ያቆመው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቢልቦርዱን ያየ ሥራ አስኪያጅ ሲጠይቅ አገልግሎቱን ቀድሞ የሚያውቅ ዴቨሎፐር ነበረውና ሠራ። ማስታወቂያ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ተራው በኋላ ነው። የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት የሚሰጠው የስትራይፕ መሥራቾች፣ ወንድማማቾቹ ኮሊሰኖች ደግሞ፣ ልሞክረው የሚል ሰው ሲያገኙ ሊንክ ልከው ከመጠበቅ ይልቅ ላፕቶፑን ተቀብለው እዚያው ያገናኙለት እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ይህን አዲስ አበባ ውስጥ ለማድረግ የሚያግዳችሁ ነገር የለም፦ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ የሚሠሩ ጥቂት ዴቨሎፐሮችን ፈልጉና አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሲያገናኙ ተመልከቱ። እጃቸው የቆመበት ቦታ ሁሉ ሰነዱ ላይ የሚታረም ነው።

የቴሌግራም ግሩፓችሁን በተመለከተ፣ መልስ የሚሰጠው ኮዱን የሚያውቅ ኢንጂነር ይሁን፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ማለትም ይቅር፣ ምክንያቱም በይፋ የተሰጠ መልስ ነገ ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥመው ሰውም ይደርሳል። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ደንበኛ ሳይጠይቅ ቀድማችሁ አሳውቁ።

ከቻላችሁ ባለፈው ወር ከተመዘገቡት መካከል በዚያው ቀን አንድ መልእክት በተሳካ ሁኔታ የላኩት ስንት እንደሆኑ፣ ያልላኩትም የመጨረሻ የደረሳቸው የስህተት መልእክት ምን እንደሚል ከሲስተማችሁ አውጥታችሁ እዚህ ብታካፍሉን፣ የቱ ቀድሞ መስተካከል እንዳለበት አብረን ማየት እንችላለን።