አሮጌ ፎር ባይ ፎር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘርና መሰሎቻቸው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር። እነዚህን መኪኖች እወዳቸዋለሁ። ስለምወዳቸውም ነው ለማይመቸው ሰው "አትግዛ" የምለው። የሚንከባከበው ያጣ አሮጌ ፎር ባይ ፎር ባለቤቱን ያማርራል፣ መኪናውም ቆሞ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለችኝን ትንሽ አውቶሞቢል ሸጬ አሮጌ ላንድሮቨር ዲፌንደር ልገዛ አስቤያለሁ። በየቀኑ ሥራ የምሄድበት እሱ ይሆናል። ምን ይሉኛል?

አውቶሞቢሏን አትሽጣት ነው የምልህ። ዲፌንደር ሁለተኛ መኪና ሲሆን ደስታ ነው። ብቸኛ መኪና ሲሆን ግን ያስጨንቃል። ችግሩ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫው እስኪገኝ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ መግባት ካለብህ ዛሬ ማታ እንደምንም አስጠግነህ ታድራለህ። እንደምንም የተጠገነ ነገር ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ይወድቃል። ብዙ ጥሩ መኪኖች የጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር መልስልኝ። የት ታቆመዋለህ? ማን ይሠራልሃል? ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ ስንት ይተርፍሃል? እኔ የምመክረው ከመኪናው ዋጋ ቢያንስ ሲሶው ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና እንዲቀመጥ ነው። ይህን ማስቀመጥ ካልቻልክ ርካሽ ዲፌንደር ከመፈለግ ቀለል ያለ ሌላ ሞዴል ፈልግ። ርካሹ ዲፌንደር ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ያንን ምክንያት የምትከፍለው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው "ዝገት እይ" ይለኛል። የት ነው የማየው? እንዴት?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ሞተር ይለወጣል። ካምቢዮ ወርዶ ይሠራል። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን በሙሉ የሚሸከመው የብረት አጽም፣ ከበሰበሰ ግን መኪናው አለቀለት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡ።

የላንድሮቨር ሻንሲ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው። ጭቃና ውሃ ገብቶ ውስጡ ይቀመጣል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይመጣል። ከውጭ ቀለም ያለው ብረት ከውስጥ እንደ ወረቀት ሳስቶ ሊሆን ይችላል። የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻና ካቻቢቴ ያዙ። ከኋላ ጀምሩ። የኋለኛው ተሻጋሪ ብረት፣ ማለትም መጎተቻው የሚታሰርበት፣ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ ከኋላው አክስል በላይ ያለውን መታጠፊያ፣ ስፕሪንጎቹ የተቀመጡበትን ቦታ፣ ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን የሚሸከሙትን ክንዶች እዩ። በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዴም መዶሻው ይሰምጣል። ሻንሲው ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጣታችሁን አስገቡ። የዝገት ቅርፊት እየተቆረሰ ከወጣ የውስጡን ነገር ነገራችሁ ማለት ነው።

ትኩስ ጥቁር ቅባት ከተቀባ ሻንሲ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ሰው በቅን ልቦና ይቀባል። አንዳንዱ ግን ለሽያጭ ቀን ነው የሚቀባው። "ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ አለህ?" በሉት። ብየዳ ካለም ሙሉ ብረት ተቆርጦ የተተካ ነው ወይስ በልጥፍ ላይ ልጥፍ እንደሆነ ለዩ።

ዲፌንደር ላይ ሌላም አለ። የቦዲው ቆርቆሮ አሉሚኒየም ነው፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ብረት። ሁለቱ በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። በሮቹ ጠርዝ ላይ ቀለሙ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ይህ መልክ ነው፤ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሞተሩንና ሰው የሚቀመጥበትን የሚለየው የብረት ግድግዳ ነው። ምንጣፉን አንስታችሁ እግር ማሳረፊያውን እዩ። መንገዱ ከታያችሁ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ቲዲ5 የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያለው ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 2 አግኝቻለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ሦስት መብራት አብሮ በርቷል። ሻጩ "ቀላል ነገር ነው" ይላል። እውነት ነው?

ሦስቱ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የጎማ መሽከርከር መቆጣጠሪያና የቁልቁለት መቆጣጠሪያ መብራቶች ከሆኑ ብዙ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው። ወይ በጎማው ኩሽኔታ ላይ ያለው ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው፤ ወይም በኤቢኤስ ክፍሉ ውስጥ ያለ ትንሽ ማብሪያ ነው። ላንድሮቨር የሚያነብ ስካነር ይነግራችኋል። ይሠራል። ግን "ቀላል ከሆነ ለምን አላሠራኸውም?" ብለህ ጠይቀው።

ከመብራቶቹ ይልቅ የኋላው ሻንሲ ያሳስበኛል፤ በዲስከቨሪ 2 ላይ ደካማው ቦታ እሱ ነው። ቀጥለህ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን ቀዩን ሶኬት ንቀለው። ቲዲ5 ላይ ኢንጀክተሮቹን የሚያዝዘው ሽቦ በቫልቭ ክዳኑ ሥር፣ ዘይት ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሲያረጅ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ሶኬቱ ድረስ ይደርሳል። ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ካየህ ሽቦው መለወጥ አለበት። ዕቃው ውድ አይደለም። ከዚያ በኋላም ሶኬቱን ደጋግመህ ማጽዳት ይኖርብሃል፤ በሽቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ቀስ እያለ መምጣቱን አያቆምም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ሞተር የዘይት ፓምፕ ብሎን የመላላት ታሪክ አለው። ከወጣ የዘይት ግፊት ይጠፋል፤ ሞተሩም ይሄዳል። የዘይት መያዣው በወረደ ቁጥር ብሎኑ በማጣበቂያ እንዲታሰር አድርግ። በተረፈ ቲዲ5 ጥሩ ሞተር ነው። የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቺንጋ) የለውም፤ በሰንሰለት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 80፣ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ኪሎ ሜትሩ በጣም ብዙ ነው። ልተወው?

በኪሎ ሜትሩ ብቻ አትተወው። 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። አይፈጥንም፤ ግን ይኖራል። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ብዙ የሄደ መኪና፣ ጥቂት ሄዶ ለዓመታት ከቆመው ይሻላል።

የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራት አለ። ግን መብራቱ ቺንጋው ሳይለወጥም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቷል ማለት ተለውጧል ማለት አይደለም። ደረሰኝ ጠይቅ፤ ደረሰኝ ከሌለ ገዝተህ መጀመሪያ የምትሠራው እሱ ይሁን።

የፊት ጎማዎቹ ከኋላቸው፣ የመሪው ኳስ ላይ፣ ቅባትና ዘይት ተቀላቅሎ ሲወርድ ታያለህ። ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የውስጥ ሲል (ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው። በዚህ መኪና ላይ በየተወሰነ ጊዜ የሚሠራ የታወቀ ሥራ ነው። መደራደሪያ ይሁንህ፤ መሸሻ አይሁንህ። ሞተሩ ባለ ቱርቦው 1ኤችዲ-ቲ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ላይ የቢዬላ (የፒስተን ክንድ) ኩሽኔታዎች ቶሎ ያልቁ ነበር። ተለውጠዋል ወይ ብለህ ጠይቅ። ካልተለወጡ ሞተሩ ሳይወርድ ከሥር ሊለወጡ ይችላሉ። ቀድሞ ማስለወጥ ነው፤ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ረፍዷል።

ጥያቄ፦ ሬንጅሮቨር ፒ38 በጣም ያምረኛል። የአየር ሰስፔንሽኑ እንደሚባለው መጥፎ ነው?

መጥፎ አይደለም፤ የሚያረጅ ነው። ፒ38 ከ1994 እስከ 2002 ነው የተሠራው። በስፕሪንግ ፈንታ አየር ተሞልቶ መኪናውን የሚሸከመው ላስቲክ ካልተለወጠ መሰነጣጠቁ አይቀርም። ፈተናው ቀላል ነው። ማታ አቁመው፣ ጠዋት እየው። በአንድ ጎን ከተኛ አየር ያፈሳል። የአየር መጭመቂያው ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነም ያው ነው፤ በመጨረሻ እሱም ይቃጠላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ቪ8 ቤንዚን ሞተሩ ነው። 4.0 እና 4.6 ሊትሮቹ ላይ የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን ቦታውን መልቀቅ፣ የቴስታታ ጋስኬት መሄድ የታወቀ ነው። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሳ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅህ ድንጋይ ከሆነብህ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ምንም ያህል ቢያምርህ ተወው።

ጥያቄ፦ ዲስከቨሪ 3፣ 2.7 ናፍጣ?

መንዳቱ ድንቅ ነው። ግን ራስህ ጋራዥ ካልሆንክ ወይም ይህን ሞዴል ብቻ የሚሠራ መካኒክ ካልያዝክ አልመክርህም። የአየር ሰስፔንሽን፣ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን፣ ብዙ ኮምፒውተር አለው። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የተሰበረባቸው ሞተሮች አሉ። አንዳንድ ሥራ ላይ ቦዲውን ከሻንሲው ማንሳት ይቀላል ብለው የሚያነሱት መኪና ነው፤ የጉልበቱን ሂሳብ ከዚህ ገምት።

ጥያቄ፦ ከፍ የተደረገ፣ ትልልቅ ጎማ፣ ከላይ የአየር መሳቢያ (ጥልቅ ውሃ ሲሻገር ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ) ያለው ልግዛ? ሁሉ ነገር ተሠርቶለታል።

"ሁሉ ነገር ተሠርቶለታል" የሚለውን እኔ የማነበው "ብዙ ቦታ ተነካክቷል" ብዬ ነው። ከፍ ሲል የማስተላለፊያው ዘንግ ማዕዘን ይቀየራል፤ ክሮቼራዎቹ (የዘንጉ መገጣጠሚያዎች) ቶሎ ያልቃሉ። የመሪው ማዕዘን ካልተስተካከለ መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል። ትልቅ ጎማ ፍሬኑንና ካምቢዮውን ያደክማል። የአየር መሳቢያ ካለው ደግሞ ውሃ ውስጥ ገብቷል ብለህ ጀምር። የአክስሎቹን ዘይት ትንሽ አውጥተህ እየው። ወተት መስሎ ከመጣ ውሃ ገብቷል። ማንም ያልነካካው መኪና ብታገኝ እሱን ውሰድ፤ የሚያስፈልገውን ኋላ ራስህ ታደርጋለህ።

ጥያቄ፦ ሙከራ ላይ ምን ላድርግ?

ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቅህ ንገር፤ ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ንካ። ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሳ ጭሱን እይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ነዳጅ ሊሆን ይችላል።

ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆነውን፣ ለብቻው የሚገባውን የፎር ባይ ፎሩን ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት አትርሳ። ብዙ ገዢ ይረሳዋል። ለዓመታት ያልተነካ ማንሻ ተጣብቆ ይገኛል። የፊትና የኋላ አክስሎችን አንድ ላይ የሚያስረውን የመሃል መቆለፊያ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ ቆልፈህ አትዙር፤ ጎማዎቹ መንሸራተት ስለማይችሉ ጭነቱ ጊርና ዘንግ ላይ ያርፋል። አፈር ላይ ሞክረው። እየነዳህ ነዳጅ ስትለቅና ስትሰጥ "ኳ" የሚል ድምፅ ካለ በማስተላለፊያው ውስጥ ክፍተት አለ። ትንሹ የተለመደ ነው። ወንበርህ ላይ ከተሰማህ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሮጌ ላንድሮቨር ካልገዛሁ ብሎ ቤት ተበጥብጧል። ምን ብዬ ላስቀረው?

እህቴ፣ "አይሆንም" ካልሽው ተደብቆ ይገዛል ወይም ተቀይሞ ይኖራል። በወረቀት አምጣ በይው። የመኪናው ዋጋ፣ ስትገዛው ወዲያው የሚሠራው ነገር፣ በየወሩ ለጥገና የሚቀመጠው፣ ኢንሹራንሱና ነዳጁ። ከየት እንደሚመጣም ይጻፍ። የልጆች ወጪ የማይነካ ከሆነና የቤቱ ሌላ መኪና ካልተሸጠ፣ ይግዛ ባይ ነኝ። ካልሞላ ግን ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል፤ አንቺ ክፉ መሆን የለብሽም። ቅዳሜን ሙሉ መኪና ሥር እንደሚያሳልፍም አሁኑኑ ተነጋገሩበት። እውነቱ ይህ ነው፤ ከገንዘቡ በላይ ሰው የሚጣላበት ጊዜው ነው።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ አይጠፋም?

ለድሮዎቹ ላንድሮቨሮች አይጠፋም፤ እስካሁን ይመረታል። ዲፌንደርና ዲስከቨሪ 1 ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። ለዲፌንደር እንዳይዝግ ዚንክ ውስጥ የተነከረ አዲስ ሻንሲ እንኳ አለ። ልዩነቱ ጥራቱ ላይ ነው። ርካሹን ኩሽኔታ ገዝታችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ጉልበት አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ያየሁት ዲፌንደር 300ቲዲአይ የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያለው ነው። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ የኋላው ተሻጋሪ ብረት ግን ዝጓል። ሻጩ "ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ወስን" ይላል። ሊፍት ላይ ማውጣትም አልፈለገም።

የኋላው ብረት ብቻውን ተቆርጦ ይለወጣል፤ ለእሱ የሚሆን ዕቃ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ስለዚህ ሌላው ሻንሲ ጤነኛ ከሆነ የሥራውን ዋጋ ቀንሰህ ግዛው፤ 300ቲዲአይ በተራ መካኒክ እጅ የሚሠራ፣ ኮምፒውተር የማይበዛበት ሞተር ነው። ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ጠይቅ። ግን ሌላው ሻንሲ ጤነኛ መሆኑን ሳታይ እንዴት ታውቃለህ? ሊፍቱን አንተ እንደምትከፍል ንገረው፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ጠይቀው። አሁንም እምቢ ካለ ለሌላው ገዢ ይሽጠው።